የድንጋይ ከሰል ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ማከማቻነት የሚመረመርባቸው ጠባዮች

የድንጋይ ከሰል በትምህርት መጻሕፍት ዘወትር የሚነሣው በማገዶነቱ ነው። ስለዚህም መምህሩም ሆነ ተማሪው ከጠባዮቹ ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት የሚሰጠውን ሙቀት ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግን በጥልቀቱ ወይም በስስነቱ ምክንያት የማይቈፈር የከሰል ንጣፍ ከፋብሪካ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመሬት በታች ለማስቀመጥ ያገለግል እንደ ሆነ በልዩ ልዩ አገሮች ሲመረመር ቈይቷል። ጥያቄው ሲለወጥ ከከሰሉ የሚፈለገውም ጠባይ አብሮ ይለወጣል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቋንቋችን «ከሰል» የሚለው ስም ለምድጃው የእንጨት ከሰልም ለማዕድኑም ስለሚያገለግል ተማሪዎች ሁለቱን ያደባልቃሉ። እዚህ የምንናገረው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ከዕፀዋት ቅሪት ስለ ተፈጠረው ማዕድን ነው።

ጋዙ በከሰሉ ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ በእንስራ እንደሚቀመጥ አይደለም፤ በዓይን በማይታዩት ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ። የአንድ ግራም ከሰል ውስጣዊ ገጽ በብዙ ዐሥሮች፣ አንዳንድ ጊዜም በመቶዎች ካሬ ሜትር የሚቈጠር በመሆኑ ትንሹ ድንጋይ ብዙ ጋዝ ይይዛል። ቦታውን አስቀድሞ የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ሚቴን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚቴን ይልቅ አጥብቆ ስለሚለጠፍ ያስለቅቀዋል፤ በብዙ ቢቱሚናዊ ከሰሎች አንድ የሚቴን ሞለኪውል በወጣበት ሁለት ያህል ይገባሉ።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። ናሙናው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ደርቆ እርጥበቱ ይለካል፤ ተቃጥሎም አመዱ ይመዘናል። አመድ የሚሆነው ማዕድን ጋዝ የሚይዘው እምብዛም ነው፤ ውሃውም የጋዙን ቦታ ይሻማል። ቀጥሎ የከሰሉ የብስለት ደረጃ የተወለወለ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሥር በሚያንጸባርቀው ብርሃን መጠን ይታወቃል። በመጨረሻም የተፈጨው ከሰል በንጣፉ የሙቀት መጠን ተጠብቆ፣ ግፊቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ የያዘው ጋዝ ይመዘገባል። የሚገኘው የግራፍ መስመር መጀመሪያ በፍጥነት ይወጣል፤ ኋላም እየተጋደመ ይሄዳል። መስመሩ የሚጋደምበት ልክ የከሰሉ «አቅም» ይባላል።

በእኔ አስተያየት ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። አቅሙ የተለካው በዱቄት ላይ ሲሆን በመሬት ውስጥ ግን ጋዙ ወደ ቀዳዳዎቹ የሚደርሰው በከሰሉ ጥቃቅን ስንጥቆች በኩል ነው። ከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲይዝ ያብጣል፤ በክረምት እርጥበት የጠጣ የእንጨት መዝጊያ አብጦ ከመቃኑ አልገጥም እንደሚል ያለ ነው። ከላይና ከጎን በዐለት የታፈነ ከሰል ወደ ውጭ ሊሰፋ ስለማይችል የሚያጠበው የራሱን ስንጥቆች ነው። እንግዲህ ብዙ የመያዝ ጠባዩ ራሱ መግቢያውን ይዘጋበታል ማለት ነው።

ይህም በመስክ ታይቷል። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ሳን ኹዋን ተፋሰስ ከ1995 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሰፊ ሙከራ የከሰሉ አሳላፊነት ጋዙ ሲገባ በእጅጉ ቀንሷል። በደቡብ ፖላንድ ሲሌዥያ በ2004 በተጀመረው ሙከራ ጋዙን ያለ ማቋረጥ ማስገባት የተቻለው በ2005 ከሰሉ በግፊት ከተሰነጠቀ በኋላ ነበር፤ የገባውም በጠቅላላው 760 ቶን ያህል ነው። በጃፓን ሆካይዶ ደሴት በዩባሪ ደግሞ ናይትሮጅን በማስገባት ስንጥቆቹን ለመክፈት ተሞክሮ ለጊዜው ተሳክቷል። ከ2004 እስከ 2007 የገባው ግን 900 ቶን አልሞላም። አንድ ትልቅ የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫ በአንድ ቀን በሺሕ የሚቈጠር ቶን እንደሚያወጣ ስናስብ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

ስለዚህ የአቅም ሠንጠረዥ የሚቀርብለት የፕላን ባለሙያ ናሙናው ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ፣ በስንት ዲግሪ ተለካ፣ አሳላፊነቱስ ባልተፈጨ ከሰል ላይ ተፈትኗል ወይ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ለኬሚስትሪ መምህርም ግራፉ ጥሩ መልመጃ ይሆነዋል፤ ተማሪዎቹ መስመሩን ከሣሉ በኋላ ስለ ፍጥነት ምን እንደሚነግራቸው ቢጠየቁ፣ ምንም እንደማይነግራቸው ራሳቸው ይደርሱበታል።

«የማይቈፈር» የሚለው ቃልም በዋጋና በመሣሪያ የሚወሰን ነው። ዛሬ የተተወ ንጣፍ ነገ ሊቈፈር ይችላል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ሲቀንስ የተከማቸው ጋዝ ይለቀቃል።