ማን ለማን መንገድ ይለቃል?
ስለ መርከቦች ስምና ስለ ባሕር መንገድ ደንብ

ከተማችን ጫግኒ ወደብ የላትም፤ ጎረቤታችን የዱራ ወንዝም ሰው የሚሻገረው እንጂ መርከብ የሚመላለስበት አይደለም። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ መርከቦች ደንብ የተጻፈ ነገር ሲያይ፣ «ይህ ልጅ የቅርቡን ትቶ ስለ ሩቁ ያወራል» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔን ግን ወደዚህ ጽሑፍ የመሩኝ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

መጀመሪያ፤ አገራችን የንግድ መርከብ ድርጅት ካቋቋመችበት ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉ መርከቦች በውቅያኖስ ላይ ተመላልሰዋል፤ ዛሬም በጅቡቲ ወደብ በኩል ይሠራሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመርከብ ሞያ ትምህርት ስላለ፣ ከእኛ መካከል ነገ ባሕርተኛ የሚሆን አይጠፋም። ሁለተኛ፤ ብዙዎቻችን ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ገዳማትን ለመሳለም ወደ ጣና ሄደን በጀልባ እንሳፈራለን። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያቴ ግን ይህ ነው። ከእንጅባራ ተነሥቶ በከተማችን አልፎ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ መጨረሻው ላይ አዲስ ሐይቅ ተፈጥሯል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። ይህም በጣና ሐይቅ ካለው ውኃ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ንጋት የተባለው ሐይቅ ለእኛ ሰፈር ልጆች የቅርብ ነገር ስለ ሆነ፣ ሰው በውኃ ላይ እንዴት ሳይጋጭ እንደሚሄድ ማወቅ ከእንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሁላችን የምናውቀውን ልማድ ላስታውስ። በገበያ ቀን በጠባብ መንገድ ላይ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው፣ ሸክም ተሸክሞ የሚመጣውን ሲያይ ዞር ብሎ ያሳልፈዋል። ይህን የሚያደርገው ባለሸክሙ በማዕርግ ስለሚበልጠው አይደለም፤ ዞር ማለት የሚቀልለው ለባዶው ስለ ሆነ ነው። የባሕር መንገድ ደንብም ጥያቄው ይኸው ነው፤ «ማን ትልቅ ነው? ማን ሀብታም ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ዞር ማለት የሚችለው ማን ነው?» ይላል እንጂ።

በባሕር ላይ እንደ አስፋልት የተሰመረ መሥመር የለም፤ ፍሬን ረግጦ ወዲያው መቆምም የለም፤ ትልቅ የጭነት መርከብ ሞተሯን ብታጠፋ እንኳ ብዙ ርቀት ሳትጓዝ አትቆምም። በጥንት ዘመን መርከቦች ሁሉ በነፋስ ሲሄዱ የየአገሩ ልማድ ይበቃ ነበር። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ሲበዙ ግን፣ ነፋስን የሚጠብቀውና የማይጠብቀው በአንድ ባሕር ላይ ስለ ተገናኙ፣ የተጻፈ ደንብ አስፈለገ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1863 እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ጋር ተመካክረው ደንብ አወጡ፤ ሌሎችም መንግሥታት ተከተሏቸው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ግን፣ በዚያው አቆጣጠር በ1972 በለንደን ከተማ ተወስኖ ከ1977 ጀምሮ የጸናውና ከዚያም ወዲህ በየጊዜው የተሻሻለው፣ በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው።

የዚህ ደንብ ሦስተኛው አንቀጽ የቃላት ፍቺ ነው። ፍቺ ሲባል እንዲያው ለመዝገበ ቃላት የተጻፈ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ የሚታወቀው በዚህ በስሙ ስለ ሆነ፣ የደንቡ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ በባሕር ላይ ግን ስምን የሚያወጣው በዚያች ሰዓት የሚሠራው ሥራ ነው። አንዲት መርከብ ጧት አንድ ስም፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ስም ሊኖራት ይችላል። በደንቡ መርከብ ማለትም በውኃ ላይ ለመጓጓዣ የሚያገለግል ወይም ሊያገለግል የሚችል ማናቸውም ነገር ነው፤ በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን እንኳ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ባለሞተር መርከብ። በሞተር ኀይል የምትሄድ ሁሉ ናት። አሥር ሰው የምትጭን ጀልባና ሦስት መቶ ሜትር የምትረዝም የጭነት መርከብ በዚህ ስም እኩል ናቸው።

ሁለተኛ፤ ባለሸራ መርከብ። በነፋስ የምትሄድ ናት፤ ሞተር ቢኖራትም ካልተጠቀመችበት ያው ባለሸራ ናት። ሸራዋን ዘርግታ ሞተሯን ያስነሣች እንደ ሆነ ግን ወዲያው ባለሞተር ትባላለች። በቀይ ባሕር የሚመላለስ ሳንቡክ ሸራው በነፋስ ተነፍቶ ቢታይም፣ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ የባለሸራን ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም።

ሦስተኛ፤ ዓሣ በማጥመድ ላይ ያለች መርከብ። መረቧ ወይም ሌላው ማጥመጃዋ እንደ ልቧ እንዳትዞር የሚይዛት ናት። ወደ ቤቷ የምትመለስ የዓሣ ጀልባ ይህ ስም የላትም፤ ከኋላው መንጠቆ አስሮ እየጎተተ የሚጓዝም እንዲሁ።

አራተኛ፤ ሥራዋ ያሰራት መርከብ። ከባሕር በታች የስልክ ገመድ የምትዘረጋ፣ የወደብን አፈር የምትጠርግ፣ ጠላቂዎችን አውርዳ የምታሠራ መርከብ ሥራዋን ጥላ ዞር ልትል አትችልም።

አምስተኛ፤ ከአዛዥዋ ቁጥጥር ውጭ የሆነች መርከብ። መሪዋ የተሰበረ ወይም ሞተሯ በድንገት የቆመባት ናት። ይህችው በሌሊት ሁለት ቀይ መብራቶች ሽቅብና ቁልቁል አድርጋ ታበራለች፤ በቀን ደግሞ ሁለት ጥቁር ኳሶች ትሰቅላለች። ትርጉሙም «እኔ ልዞርላችሁ አልችልም፤ እናንተ ራቁኝ» ማለት ነው።

ስድስተኛ፤ ጥልቀቷ ያሰራት መርከብ። ከባድ ጭነት ይዛ ወደ ውኃው ብዙ የሰመጠችና ከጥልቁ መሥመር ብትወጣ ወለሉን የምትነካ ባለሞተር ናት፤ የሌሊት ምልክቷም ሦስት ቀይ መብራት ነው።

ከዚህ በኋላ ቅድሚያው በቀላሉ ይገኛል። ባለሞተር ለባለሸራ፣ ለዓሣ አጥማጅ፣ ሥራዋ ላሰራትና ከቁጥጥር ውጭ ለሆነች ትለቃለች። ባለሸራም ለዓሣ አጥማጅና ለሁለቱ ችግረኞች ትለቃለች። ዓሣ አጥማጇም በተቻላት መጠን ለእነዚሁ ለሁለቱ ትለቃለች። ጥልቀቷ ላሰራት ደግሞ ከሁለቱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ መንገዷን እንዳይዘጉ ታዘዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከሁሉ በላይ ቅድሚያ ያገኘችው ምንም ማድረግ የተሳናት ናት፤ ብዙ የምትችለውም ብዙ ግዴታ አለባት።

ሁለት ባለሞተሮች ሲገናኙስ? ፊት ለፊት የመጡ እንደ ሆነ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ይዞራሉ። በመስቀለኛ የተገናኙ እንደ ሆነ ሌላዋን በቀኟ በኩል የምታያት ትለቃለች። ከኋላ መጥታ የምትቀድም ግን፣ የትኛዋም ዓይነት ብትሆን፣ ለምትቀድማት መልቀቅ አለባት፤ ባለሸራም ባለሞተርን ከቀደመች ዞር የምትለው እርስዋ ናት። ቅድሚያ ያላትም አካሄዷንና ፍጥነቷን ሳትለውጥ ትቀጥላለች፤ ይህም ሌላዋ በምን በኩል እንደምትዞር በእርግጥ እንድታውቅ ነው። ይሁን እንጂ ሌላዋ ያልለቀቀች እንደ ሆነ «መብቱ የእኔ ነው» ብሎ ሄዶ መጋጨት አይፈቀድም፤ ያን ጊዜ ባለመብቷም ከግጭት ለማምለጥ የምትችለውን ማድረግ ግዴታዋ ነው።

ሁለት ፍቺዎች ግን ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። አንዱ «በጉዞ ላይ» የሚለው ነው። መልሕቅ ያልጣለች፣ ከዳርቻ ያልታሰረች፣ መሬትም ያልያዛት መርከብ ሁሉ፣ ሞተሯን አጥፍታ ዝም ብላ ብትንሳፈፍም በጉዞ ላይ ናት። «ቆሜ ነበር» የሚል ምክንያት አያድናትም። ሁለተኛው «መተያየት» የሚለው ነው። ሁለት መርከቦች ተያዩ የሚባለው በዓይን ሲተያዩ ብቻ ነው፤ በራዳር መተያየት መተያየት አይባልም። ከላይ የዘረዘርኩት የቅድሚያ ሥርዓት የሚሠራው ለሚተያዩት ነው፤ በጭጋግ፣ በከባድ ዝናብ ወይም በአሸዋ ማዕበል ውስጥ ግን ቅድሚያ ያለው የለም፤ ሁሉም ፍጥነቱን መጥኖ ይጠነቀቃል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል የሰው ሕይወት እንደሚነካ አንድ ታሪክ ያስረዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 በሐምሌ ወር አንድሬያ ዶሪያ የተባለችው የኢጣልያ የመንገደኞች መርከብና ስቶክሆልም የተባለችው የስዊድን መርከብ፣ በአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ በጭጋግ ሌሊት ተጋጩ። ሁለቱም በራዳር ተያይተው ነበር፤ ነገር ግን አንዷ ሌላዋ የምታደርገውን በትክክል አልተረዳችም፤ አንዷ ወደ ግራ፣ ሌላዋ ወደ ቀኝ ዞሩና ተገናኙ። 51 ሰዎች ሞቱ፤ አንድሬያ ዶሪያም በማግሥቱ ሰጠመች።

አሁን ወደ አገራችን ውኃ እንመለስ። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚገዛው ክፍት ባሕርንና ከእርሱ ጋር ተገናኝተው የባሕር መርከብ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ውኆች ነው። ከውቅያኖስ ተነሥቶ ዓባይን ሽቅብ ተጉዞ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ የሚወጣ መርከብ የለምና፣ ጣና በዚህ ደንብ ሥር አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ጣና ነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ወደ ጣና ስትመጣም ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ነው። እንዲህ ያሉትን ሐይቆች የሚገዛቸው የአገር ሕግ ነው። ሆኖም ደንቡን በጣና ላይ አድርጌ ሳስበው ብዙ ነገር አስተምሮኛል።

የመንገደኞች ጀልባ ባለሞተር ናት። ከዘጌ ወደብ የታሰረችው በጉዞ ላይ አይደለችም። ዘዋሪው እንቦጭ ተጠምጥሞበት ሞተሯ የቆመባት ጀልባ ከቁጥጥር ውጭ ናት። ከታንኳው ላይ መረብ ዘርግቶ የተቀመጠው ሰው፣ መረቡ ከያዘው፣ ዓሣ በማጥመድ ላይ ነው፤ ባለሞተሩ ሊዞርለት ይገባል። ነገር ግን እንጨት ወይም እህል ጭኖ እየቀዘፈ የሚያልፈው ባለታንኳ ከየትኛው ክፍል ነው? ሞተር የለው፣ ሸራ የለው፣ መረብ አልጣለ። በቅድሚያው ዝርዝር ውስጥ ስሙን ብፈልገው አጣሁት። ከደንገል የተሠራችው ታንኳ መርከብ መሆኗን የመጀመሪያው ፍቺ ያረጋግጣል፤ ተራ ግን አልተሰጣትም። የሚጠብቃት ሁለተኛው አንቀጽ ነው፤ እርሱም ማንኛውም አዛዥ ባሕርተኛ ሁሉ ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ቸል ቢል ከተጠያቂነት አያመልጥም ይላል። ስለዚህ «ስሙ በዝርዝር የለም» ብሎ በቀዛፊ ላይ መንዳት አይቻልም።

ለቀዛፊውም ደንቡ አንድ ግዴታ ሰጥቶታል። ሌላ መብራት የሌለው በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ፣ ነጭ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ በእጁ አዘጋጅቶ፣ ግጭት ሳይደርስ በጊዜ ማሳየት አለበት። በዚያ ሁሉ ረጅም ደንብ ውስጥ ለድኻው ቀዛፊ የተጻፈው ይህ ነው፤ ዋጋውም የአንድ ባትሪ ዋጋ ነው። ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ ስለማትል፣ በጨለማ ፈጥኖ የሚመጣ ባለሞተር የሚያያት ከተጠጋት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማን ለማን መልቀቅ ነበረበት ብሎ መከራከር አይጠቅምም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ እናንተም ወላጆች፤ ከእኛ ዘመዶች መካከል በሥራ ምክንያት ወደ ጉባ የሚወርድ ብዙ ነው። ከእነርሱ አንዱ በንጋት ሐይቅም ሆነ በጣና ላይ የሚጓዝ ከሆነ፣ ይህን ሦስት ነገር ንገሩልኝ፤ በሌሊት ያለ መብራት ውኃ ላይ አይውጣ፤ ሞተር የያዘ እንደ ሆነ ለቀዛፊና ለመረብ ከሩቅ ይዙር፤ ከሌላ ጀልባ ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘም ወደ ቀኙ ይያዝ። ሌላውን ዝርዝር ባሕርተኛ የሚሆኑት ጓደኞቻችን ያጠኑታል፤ ይህ ግን ውኃ ለሚነካ ሰው ሁሉ ነው።