ደረት ላይ የምትሰካው ምስክር

ራጅ ክፍል ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ በባለሙያው ደረት ላይ የተሰካች ትንሽ የፕላስቲክ ባጅ ሳታዩ አልቀራችሁም። አትጮኽም፣ አትበራም፣ ቁጥር የሚታይባት መስኮትም የላትም። ዶዚሜትር ትባላለች። ብዙ ሰው ጨረራ የምትከላከል ይመስለዋል፤ አትከላከልም። ሥራዋ ባለሙያው በአንድ ወይም በሦስት ወር ውስጥ የወሰደውን ጨረራ መዝግባ መያዝ ነው።

ምስክር ያስፈለገው ጨረራ ስለማይታይ፣ ስለማይሸት፣ ሲነካም ስለማይታወቅ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ራጅን ካገኘ በኋላ ባሉት ዓመታት የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ መሣሪያውን በገዛ እጆቹ ላይ ደጋግሞ ይሞክር ነበር። ጉዳቱ ዘግይቶ መጣ። ክንዶቹ ተቆረጡ፤ በ1904ም በካንሰር ሞተ። ምን ያህል ጨረራ እንደወሰደ የሚነግረው መለኪያም፣ «ይብቃህ» የሚለው ሕግም አልነበረም።

በሰፊው ከሚሠራባቸው የዶዚሜትር ዓይነቶች አንዱ ቲኤልዲ ነው። በውስጡ ብዙውን ጊዜ የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ይኖራል። ጨረራ ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሡና በክሪስታሉ ውስጥ ባሉ ጉድለቶች ተይዘው ይቀራሉ፤ ለወራት እዚያው ይቆያሉ። ጊዜው ሲደርስ ባጁ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ ክሪስታሉ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የተያዙት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ ክሪስታሉም ደካማ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ባለሙያው የወሰደው ጨረራ በዝቷል ማለት ነው። ንባቡ ግን ክሪስታሉን ባዶ ስለሚያደርገው አይደገምም። ከዚያ በኋላ የቀረው ማስረጃ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቁጥር ብቻ ነው። የመንግሥት ቁጥጥር መዝገብ አያያዝን አጥብቆ የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቁጥሩ ከምን ጋር ይነጻጸራል? እ.ኤ.አ. በ1934 ለሠራተኛ ይፈቀድ የነበረው በያኔው መለኪያ በቀን 0.2 ሮንትገን ነበር፤ በዛሬው መለኪያ በዓመት ወደ 500 ሚሊሲቨርት ይጠጋል። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የአቶም ቦምብ የተረፉ ሰዎች ለዐሥርተ ዓመታት ሲጠኑ የካንሰሩ ነገር እየጠራ መጣ፤ ገደቡም እየወረደ ሄደ። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለሠራተኛ የሚመክረው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየትኛውም ነጠላ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ለተራው ሕዝብ 1 ነው። በዓይን ሌንስ ላይ የተቀመጠው ገደብ ደግሞ የዓይን ሞራ ከተገመተው ባነሰ ጨረራ እንደሚመጣ ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ150 ወደ 20 ወርዷል። በአሜሪካ ግን የሠራተኛው ዓመታዊ ገደብ አሁንም 50 ነው። በሽተኛ በእነዚህ ገደቦች አይዳኝም፤ ለእሱ ሐኪሙ የምርመራው ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ማመን አለበት። ባለሙያው ራሱ ታሞ ራጅ ሲነሣ ባጁን የሚያወልቀውም ለዚህ ነው።

ገደብ ሲባል እስከዚያ ድረስ እንደልብ መውሰድ ይቻላል ማለት አይደለም። መጠኑ በተቻለ ሁሉ ማነስ አለበት። በዓመት 15 ሚሊሲቨርት የተነበበለት ሠራተኛ ሕግ አልጣሰም፤ ለጓደኞቹ 1 እና 2 እየተነበበ ለእሱ ብቻ 15 ከሆነ ግን መሣሪያው፣ መከለያው ወይም አሠራሩ መፈተሽ አለበት።

በአገራችን የብሔራዊ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ተቋቋመ፤ ሕጉም እየተሻሻለ እስከ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ደርሷል። የራጅ ማሽንም ሆነ ሌላ የጨረራ አመንጪ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መጠቀም አይቻልም፤ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ኃላፊነትም በቅድሚያ የባለፈቃዱ ነው።

ሕጉ ቢኖርም ባጁ መሳቢያ ውስጥ ከከረመ ዜሮ ይነበባል፤ ዜሮውም ውሸት ነው። በጋዋን ላይ እንደተሰካ ራጅ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ካደረ ደግሞ ማንም ያልወሰደውን ጨረራ ይመሰክራል። ትክክለኛ ቦታው ከአንገት በታች፣ ከወገብ በላይ ነው፤ የእርሳስ ሽርጥ (ሊድ ኤፕረን) ሲለበስና ባጁ አንድ ብቻ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከሽርጡ ሥር ይሰካል። ለሌላ ሰው አይዋስም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ተነቦ ለባለቤቱ ያልደረሰ ቁጥር ነው። አስተዳዳሪው ፋይል ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ሠራተኛውን ከምንም አያድነውም። ስለዚህ በጨረራ አጠገብ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባጃችሁ በተነበበ ቁጥር ውጤቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሥራ ስትቀይሩም መዝገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ እንዳወቃችሁ ለኃላፊያችሁ አሳውቁ፤ ከዚያ በኋላ እስክትወልዱ ድረስ ለፅንሱ የተቀመጠው ገደብ 1 ሚሊሲቨርት ነው።