የሮቦት አሻንጉሊት መገጣጠሚያው ሲበዛ ይሻሻላል ወይስ ይዳከማል?

ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ የሮቦት አሻንጉሊት ሳጥን ብታነሱ፣ ጎላ ብለው ከሚጻፉት ነገሮች አንዱ በስንት ቦታ እንደሚታጠፍ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብዙውን ጊዜ ዋጋውም አብሮ ከፍ ይላል። ገዢው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ለመደርደሪያው ብሎ ደህና ገንዘብ የሚያወጣ አዋቂም ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ቦታ የሚታጠፈው ሮቦት ከጥቂት ዓመት በኋላ ክንዱ ተንጠልጥሎ፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ግድግዳ ካልተደገፈ የማይቆም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የ1980ዎቹ እንደ እንጨት ድርቅ ያለው አያቱ ግን አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ይሄ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። አጭሩ መልስ፦ መገጣጠሚያ መጨመር በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም። ወሳኙ ነገር የተጨመረው መገጣጠሚያ ከበላዩ ያለውን ክብደት ጨብጦ መያዝ መቻሉ ነው። ረጅሙን መልስ እስቲ አብረን እንየው።

ከግትር ወደ ተጣጣፊ

የጃፓኑ ባንዳይ የመጀመሪያውን የጋንዳም ሞዴል በ1980 ሲያወጣ፣ ገዢው ራሱ በሙጫ የሚገጣጥመው፣ እንቅስቃሴውም በጣም ውስን የሆነ ነበር። በ1984 ሃስብሮ የታካራን አሻንጉሊቶች ወስዶ «ትራንስፎርመርስ» በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ፣ የኦፕቲመስ ፕራይም መገጣጠሚያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ሮቦቱን ወደ ከባድ መኪና ለመለወጥ እንጂ እንደ ሰው ለማቆም አልነበረም። እግሩን ወደ ጎን መክፈት አይችልም።

በ1996 የመጣው «ቢስት ዋርስ» የኳስ መገጣጠሚያን በሰፊው ተጠቀመ። እንደ ትከሻችን አጥንት ሉል የሆነ ጫፍ ጎድጓዳ ሶኬት ውስጥ ይገባና በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። በ2010 ደግሞ ባንዳይ «ሪል ግሬድ» በሚለው ተከታታይ፣ 12.5 ሴ.ሜ ገደማ ለሚረዝም ሮቦት ከሞልዱ ሲወጣ ጀምሮ ተገጣጥሞ የሚመጣ የውስጥ አጽም ሠራለት። የምህንድስና ድንቅ ነው። ይሁን እንጂ ያ አጽም በአጠቃቀም ቶሎ እንደሚላላ በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

መገጣጠሚያ የሚይዘው በምንድን ነው?

የፋብሪካ ሮቦት ክንዱን ከፍ አድርጎ የሚይዘው በሞተር ወይም በፍሬን ነው። አሻንጉሊት ሞተር የለውም፤ ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። ኳሱ ከሶኬቱ በጥቂቱ ሰፋ ተደርጎ ይሠራና ሲገባ ይጨናነቃል፤ ጭንቁ ሰበቃ ይፈጥራል፣ ሰበቃውም ክንዱን ይይዛል። በቃ።

ከዚህ በተቃራኒ የሚሠራው ክብደት ሲባዛ በርቀት፣ ማለትም የማዞር ኃይል ነው። አንድ ክንድ 10 ግራም ይመዝናል፣ የስበት ማዕከሉም ከትከሻው 4 ሴ.ሜ ይርቃል እንበል። ክንዱ ወደ ጎን ሲዘረጋ ትከሻው 40 ግራም-ሴንቲሜትር መቋቋም አለበት። አሁን ከትከሻው 8 ሴ.ሜ የሚርቀው መዳፉ ላይ 5 ግራም የሆነ ጠመንጃ አስይዙት፦ 5 ሲባዛ በ8፣ ሌላ 40። ክብደቱ በግማሽ ብቻ ጨምሮ የትከሻው ሸክም እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ክንዱ ላይ አዲስ መገጣጠሚያ ስትጨምሩም ፒኑ፣ ሶኬቱና ሽፋኑ ክብደት ስላላቸው፣ ወደ ጫፍ በቀረቡ ቁጥር ትከሻውን የበለጠ ይጎትቱታል።

ሌላው ችግር የሚደማመር መላላት ነው። ቁርጭምጭሚቱ ከጭንቅላቱ 20 ሴ.ሜ ዝቅ ያለ ሮቦት ውሰዱ። ቁርጭምጭሚቱ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢላላ ጭንቅላቱ 3.5 ሚ.ሜ ገደማ ይዘማል። በ15 ሴ.ሜ ያለው ጉልበት፣ በ10 ሴ.ሜ ያለው ዳሌና በ8 ሴ.ሜ ያለው ወገብም እያንዳንዳቸው በ1 ዲግሪ ወደዚያው አቅጣጫ ቢላሉ ድምሩ ከ9 ሚ.ሜ ያልፋል። አንዱም መገጣጠሚያ ብቻውን «ተበላሽቷል» አይባልም፤ ሮቦቱ ግን ይንገዳገዳል።

ሦስተኛው የቦታ ጥበት ነው። አንድ ማጠፊያ የነበረበት ክርን ላይ ሁለት ማጠፊያ ብታደርጉ እጁ ትከሻውን እስኪነካ ሊታጠፍ ይችላል፤ ያምራል። ግን የክንዱ ውፍረት ያው ስለሆነ ፒኖቹ መቅጠን አለባቸው። የክብ ፒን ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ በተመሳሳይ ጫና የሚደርስበት የመታጠፍ ውጥረት 8 እጥፍ ይሆናል። አሻንጉሊት ሲሰበር ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ላይ የሚሰበረው ለዚህ ነው።

ትልቅ ሲሆን ለምን ይብሳል?

ብዙ ሰው «ትልቅ ከሆነ ጠንካራ ነው» ብሎ ያስባል። በጋንዳም መጠኖች እናስላው። ሮቦቱ በታሪኩ ውስጥ 18 ሜትር ነው። በ1/144 ሲሠራ 12.5 ሴ.ሜ፣ በ1/60 ሲሠራ 30 ሴ.ሜ ይሆናል፤ ልዩነቱ 2.4 እጥፍ ነው።

ቅርጹና ፕላስቲኩ ካልተለወጠ ክብደቱ በ2.4 × 2.4 × 2.4፣ ማለትም 14 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ክንዱም በ2.4 እጥፍ ስለረዘመ ትከሻው ላይ የሚያርፈው የማዞር ኃይል 33 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የመያዝ አቅሙስ? ኳሱና ሶኬቱ የሚነካኩበት ስፋት በ2.4 × 2.4፣ የኳሱ ራዲየስ ደግሞ በ2.4 ያድጋል፤ ፕላስቲኩ የሚችለው ግፊት ግን አይጨምርም። ስለዚህ የመያዝ አቅሙ የሚያድገው 14 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ሸክሙ 33፣ አቅሙ 14።

በዚህ ምክንያት ነው ትልልቆቹ ላይ ሲታጠፉ ቀጭ ቀጭ የሚሉ ጥርስ ያላቸው መገጣጠሚያዎች፣ ማለትም ራቼቶች፣ የሚደረጉት። ራቼት በሰበቃ ብቻ ሳይሆን በጥርስ ስለሚይዝ ብዙ ይሸከማል። ዋጋው ደግሞ ነፃነት ነው፤ 24 ጥርስ ያለው ራቼት በየ15 ዲግሪው እንጂ በመካከል አይቆምም። ሌላው መፍትሔ ማሳነስና ማቅለል ነው። ታካራ በ2003 ያወጣው የ«ማስተርፒስ» ኦፕቲመስ ፕራይም 30 ሴ.ሜ ገደማ የሚረዝምና ብዙ ብረት ያለበት ነበር፤ በ2011 የወጣው ተተኪው ቁመቱም ብረቱም ቀንሷል።

ጊዜ የሚያመጣው

መገጣጠሚያ ሳይነካም ይላላል። ተጨናንቆ የተቀመጠ ፕላስቲክ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ቅርጹን ለጭንቁ ያስተካክላል፤ ጭንቁ ሲቀንስ ሰበቃውም ይቀንሳል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ማንቀሳቀሱ ደግሞ መፋቅን ይጨምርበታል። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለፕላስቲክም ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር አለ። ለስላሳ ፕላስቲክ ከጠንካራው የተሻለ ይይዛል። በጋንዳም ሞዴሎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው «ፖሊካፕ» ከፖሊኢታይሊን የተሠራ ለስላሳ ቀለበት ነው፤ መካኒኮች ጎሚኒ ከሚሉት የመኪና ላስቲክ ጋር በሐሳብ ይቀራረባል። ጠንካራ ፕላስቲክ በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ሲሆን የመቶኛ ሚሊሜትሮች መፋቅ ብዙውን ጭንቅ ያጠፋዋል። ለስላሳው ግን ከመጀመሪያውም ብዙ ስለተለጠጠ፣ ትንሽ ቢፋቅ የሚያጣው ከነበረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ «ስንት መገጣጠሚያ አለው?» ከማለት በፊት «መገጣጠሚያው ከምን ተሠራ?» ማለት ይበጃል።

ሮቦቱን የሚያጠነክር መገጣጠሚያ

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ መገጣጠሚያን የሚያስጠላ ይመስላል። ግን ቁርጭምጭሚትን ተመልከቱ። ሁለቱን እግሮች በ25 በ25 ዲግሪ ወደ ጎን ብትከፍቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን የማይዘነብል ሮቦት በጫማው ጠርዝ ብቻ ይቆማል። የሚዘነብል ከሆነ ሁለቱም ጫማዎች መሬቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ያርፋሉ። አንድ ነገር የማይወድቀው የስበት ማዕከሉ በሚቆምበት ስፍራ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው፤ ያ ስፍራ በሁለቱ ጫማዎች ዙሪያ ክር ብታዞሩ ክሩ የሚያቅፈው ነው። የሚዘነብል ቁርጭምጭሚት ስፍራውን ያሰፋል። በተለይ የመኪናው ጣሪያና በር ጀርባው ላይ ተከምሮ ወደ ኋላ ለሚጎትተው ሮቦት ይሄ መገጣጠሚያ ቅንጦት አይደለም።

በተቃራኒው፣ ትጥቅ የሚያግደው መገጣጠሚያ ምንም አያመጣም። ትከሻው 90 ዲግሪ መነሳት ቢችልም የትከሻ ሽፋኑ በ40 ዲግሪ ከጭንቅላቱ ጋር ከተጋጨ፣ ያገኛችሁት 40 ዲግሪ ነው፤ የከፈላችሁት ግን ለ90።

ዮኮሃማ ላይ የታየው

ይህን ሁሉ በግልጽ ያሳየው 18 ሜትር የሚሆነው እውነተኛ መጠን ጋንዳም ነው። በ2009 ቶኪዮ ኦዳይባ ላይ የቆመው 35 ቶን የሚመዝን ነበር፤ በሁለት እግሩ ቆመ፣ ጭንቅላቱን ከማንቀሳቀስ ግን አላለፈም። ከታኅሣሥ 2020 እስከ መጋቢት 2024 ዮኮሃማ ወደብ ላይ የታየው ደግሞ 25 ቶን ሆኖ 24 የነፃነት ዲግሪ ነበረው፤ እግሩን ያነሳል፣ ይንበረከካል። ክብደቱን የያዘለት ግን ከኋላው ወገቡ ላይ የታሰረ ትልቅ የብረት ድጋፍ ነበር። መሐንዲሶቹ ሞተር ይዘው እንኳን እንቅስቃሴውን በእግሮቹ ላይ አልጣሉትም።

ስትገዙና ስታስቀምጡ

መጀመሪያ እግሩን እዩ፤ ሰፊ ጫማና ወደ ጎን የሚዘነብል ቁርጭምጭሚት አለው? ቀጥሎ የማስታወቂያ ፎቶውን መርምሩ፤ አየር ላይ የሚዘሉት አብዛኞቹ በግልጽ ፕላስቲክ ድጋፍ ላይ የተሰቀሉ ናቸው። ያለ ድጋፍ የቆመበት ፎቶ ይበልጥ ይነግራችኋል። ከ25 ሴ.ሜ በላይ ከሆነ ዳሌና ትከሻው ላይ ራቼት እንዳለው ጠይቁ።

ቤት ከገባ በኋላ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁት፤ ክንዱን ዘርግታችሁ ለወራት አትተዉት። የላላ ኳስ ካለ ውሃ ወለድ ግልጽ አክሪሊክ ቫርኒሽ በስሱ ቀቡና ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ መልሱት፤ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚያሟሟ አይመከርም። ሁለት ሮቦት በእኩል ዋጋ ቀርቦላችሁ አንዱ 30፣ ሌላው 18 ቦታ የሚታጠፍ ከሆነ፣ የሁለቱንም ክንድ ወደ ጎን ዘርጉና በቀስታ ነቅነቅ አድርጉ። ክንዱ ባለበት የቀረውን ውሰዱ።