ሴራሚኩን ከመንቀላችን በፊት፦ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ጀርባ ስላለው ነገር

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በፋኩልቲው አዳራሽ ከቀረበው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምናገረው ተራ ስለሚመስል ሥራ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ሲታደስ ከግድግዳው ላይ አሮጌውን ሴራሚክ ስለ መንቀል። ብዙዎቻችን ይህን የመዶሻና የጉልበት ጉዳይ አድርገን እናየዋለን። እኔም ለረጅም ዘመን እንደዚያው አየው ነበር። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ግን የአነቃቀሉን ስልት የሚወስነው ሴራሚኩ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ግድግዳ ነው የሚል ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። የለጠፍነው ግድግዳ ከፊት ወደ ኋላ ሲቆጠር ሴራሚኩ፣ የተጣበቀበት ሲሚንቶ፣ ልስኑና ዋናው ግድግዳ ተደራርበው የቆሙበት ነው። በመሮ ስንመታ ኃይሉ በእነዚህ ንብርብሮች ውስጥ ያልፋል፤ የሚሰበረውም ከሁሉ የደከመው ነው። ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ ሴራሚኩ ከሲሚንቶው ይላቀቃል። ግድግዳው ከሲሚንቶው የደከመ ከሆነ ግን ሴራሚኩ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። በየካ ተራራ ከአለት ተፈልፍሎ በተሠራው በዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግድግዳውና ተራራው አንድ አካል ናቸው። የእኛ ቤቶች ግን እንዲህ አይደሉም፤ ንብርብራቸውን ሳናውቅ ልንነካቸው አይገባም።

በየካ ክፍለ ከተማ ሁለት ዓይነት ግድግዳ በብዛት እናገኛለን። የመጀመሪያው በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ነባር ሰፈሮች የሚታየው የጭቃ ግድግዳ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ተዳፋት ከሸፈነ ወዲህ የከተማዋ ቤቶች ቋሚና ማገር ሆኗል። በላዩም ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። ሁለተኛው በኮንዶሚኒየሞችና በአዳዲስ ቤቶች ያለው የብሎኬት ግድግዳ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ በመሆኑ ውጫዊ ቅርፊቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በኃይል ቢመታ ይበሳል፤ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነም ጉዳቱ ወደዚያ ቤት ይሻገራል።

አሁን ስሕተቴን ልናዘዝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው የእናቴ ቤት የመታጠቢያ ክፍሉ ሴራሚክ ማበጥ ጀምሮ ነበር። የመጣው ግንበኛ ሴራሚኩን በጣቱ አንኳኩቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጭቃ ነው፤ ቀስ ብለን በትንሽ በትንሹ እንቁረጠው» አለኝ። እኔ ግን ቸኩዬ ስለ ነበር በመዶሻ እንዲጀምር አዘዝሁት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ ልስኑ ከጭቃው ጋር አንድ ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። ከውስጥ የወጡት ቋሚዎች እስከ ጉልበት ከፍታ በስብሰው ነበር። እናቴ ክረምቱን በእኅቴ ቤት አሳለፈች። ዶክትሬት የነበረኝ እኔ ነበርሁ፤ ግድግዳውን ያነበበው ግን ግንበኛው ነበር።

የብስባሴው ምክንያት ራሱ ትምህርት ነው። ጭቃ ርጥበትን ይስባል፤ አየር ሲያገኝም መልሶ ይለቃል። በላዩ የሲሚንቶ ልስንና ሴራሚክ ሲደረግበት ይህ መተንፈሻ ይዘጋል። ከቧንቧ ጠብ የሚለው ውሃና ከመሬት የሚወጣው ርጥበት እዚያው ታጉሮ እንጨቱን ያበሰብሳል። ስለዚህ ያበጠ ሴራሚክ የሚነግረን የውሃውን መንገድ ፈልጉ ብሎ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ውሃና ኤሌክትሪክ ይዘጋል፤ የቧንቧው መስመርም ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይሰመራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሴራሚክ በሳንቲም ይንኳኳል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከጀርባው የላላ ነው። ከዚያም በማይታይ ጥግ አንድ ሴራሚክ ብቻ ተነሥቶ ግድግዳው ምን እንደ ሆነ ይታያል። ብሎኬት ከሆነ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ ይቆረጣል፤ ከላላው ሴራሚክ ወይም ከላይኛው ረድፍ ተጀምሮ ጠፍጣፋ መሮ ወደ ግድግዳው ሳይቀና በአግድም እየተጋደመ ይገባል። ጭቃ ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶው ራሱ በትንንሽ ካሬዎች ይቆረጣል፤ አለዚያ አንድ ሰሌዳ ሆኖ የደረቀው ልስን አንዱ ሲሳብ ሌላውን ይጎትታል። ይህም ሥራ በበጋ እንጂ በክረምት አይሠራም፤ የተከፈተ ጭቃ መድረቅ አለበትና።

ስለ አቧራውም ልናገር። ከሴራሚክና ከሲሚንቶ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ አለበት። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሥራ ቦታ የሚተነፈስ ክሪስታላዊ ሲሊካን በ1997 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ በግራይንደር በደረቁ መቁረጥ አይገባም፤ ውሃ እየተረጨ ይሁን። አፍንጫን በጨርቅ መሸፈንም አይበቃም፤ ትክክለኛ የአቧራ ጭንብል ያስፈልጋል። ጭንብሉን መግዛት ያለበት የቀን ሠራተኛው ሳይሆን አሠሪው ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ ቢሮ ተቀምጣችሁ የሥራ ዝርዝር ስትጽፉ «አሮጌው ሴራሚክ ይነሣ» የሚል አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። ከዚያ መስመር በፊት «ግድግዳው ይመርመር» የሚለውን ጨምሩ። ግንበኛው ግድግዳውን ሲያንኳኳም አብራችሁት አዳምጡ።