የዓባይ ውኃ የወለደው ቀመር

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ዓባይ በዚያ በኩል በዓመት የሚያሳልፈው በአማካይ 49 ቢሊዮን ያህል ነው። አንድ ግድብ ከሙሉ ዓመት ፍሰት በላይ መያዝ ለምን ያስፈልገዋል? ጥያቄውን በቁጥር የፈታው ዕድሜውን በዚሁ ወንዝ ላይ የጨረሰ ሰው ነው።

ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት በ1880 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ፣ ሌስተር አጠገብ ከግንበኛ አባት ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ቢለቅም በማታ ትምህርት ገፍቶ ኦክስፎርድ ገባና ፊዚክስ ተማረ። በ1906 ለጥቂት ጊዜ ብሎ ካይሮ ወረደ፤ ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። የሠራው ለግብፅ መንግሥት ነበር። ይሁን እንጂ ሲለካ የኖረው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር በ1946 ባወጣው ዕቅድም ጣና ሐይቅ እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ ተካቷል።

ስሌቱን በትንሽ ምሳሌ እንየው። በአራት ዓመት ውስጥ 55፣ 52፣ 44 እና 45 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መጣ እንበል። አማካዩ 49 ነው። በየዓመቱ ልክ 49 እንልቀቅ ብንል በመጀመሪያው ዓመት 6 ይተርፈናል፤ በሁለተኛው 3 ተጨምሮ 9 ይሆናል፤ ከዚያ ወደ 4 ይወርድና በመጨረሻ ያልቃል። ስለዚህ 9 ቢሊዮን የሚይዝ ግድብ ያስፈልገናል። አሁን ቅደም ተከተሉን ብቻ እንለውጥ፦ 55፣ 44፣ 52፣ 45። የተረፈው 6፣ 1፣ 4፣ 0 ይሆናል፤ 6 ቢሊዮን ይበቃል። ውኃው ያው ነው፣ አማካዩም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጥጋቡ ከጥጋብ፣ ድርቁ ከድርቅ ጋር መገጣጠሙ ነው። ስለ ዓባይ አማካዩን ብቻ እየጠቀሱ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት እመኛለሁ።

ዓመታቱ እንደ ዕጣ ያለ ሥርዓት የሚፈራረቁ ቢሆኑ ኖሮ፣ የምናቅድበት ዘመን አራት እጥፍ ሲረዝም ማጠራቀሚያው ሁለት እጥፍ ማደግ ይበቃው ነበር፤ የዕድገቱ አርቢ 0.5 ነውና። ኸርስት ግን በካይሮ ሮዳ ደሴት ከ622 ጀምሮ የተመዘገበውን የናይል ከፍታ፣ የዝናብ መዛግብትንና የዛፍ ግንድ ቀለበቶችን ጭምር አስልቶ በአማካይ 0.73 አገኘ። በዚህ ስሌት ማጠራቀሚያው 2.75 እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ውጤቱን በ1951 አሳተመ።

የሒሳብ ሊቃውንትን ግራ ያጋባው ይህ ነበር፤ የአንድ ዓመት ዝናብ የሩቅ ዓመታትን ጥላ እንዴት ይሸከማል? በዋርሶ የተወለደው ቤንዋ ማንደልብሮ በ1960ዎቹ እንዲህ ያለውን ረጅም ትውስታ የሚገልጽ የሒሳብ ሞዴል ይዞ መጣ። ክስተቱን ፈርዖን በሕልሙ ባያቸው ሰባት የጥጋብና ሰባት የረሃብ ዓመታት ምክንያት በዮሴፍ ስም ጠራው፤ አርቢውንም በኸርስት የመጀመሪያ ፊደል ወከለው። ዛሬ ይኸው ቁጥር የኢንተርኔት መረጃ ፍሰትና የልብ ምት ሲጠና ይሰላል።

ጉባ ላይ ግን ነገሩ ወደ ውኃው ይመለሳል። ግድቡ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ለበጋ ማዳረስ አይከብደውም። የሚከብደው፣ በሦስቱ አገሮች ድርድርም ሲያጨቃጭቅ የኖረው፣ ደረቅ ዓመታት ሲደራረቡ በየዓመቱ ስንት ይለቀቅ የሚለው ነው።