የልጅዎ መገጣጠሚያ እብጠት ከጠፋ በኋላ መድኃኒቱ ለምን ይቀጥላል?

የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት (አርትራይተስ) ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የሚጀምር፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የሚቆይ ሕመም ነው። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ያማል፣ በተለይ ጠዋት አልታጠፍ ይላል። ሕክምናው ሲሠራ ግን ልጁ እንደ ጓደኞቹ መሮጥ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ወላጆች “ድኗል፤ መድኃኒቱን ለምን አናቆምም?” ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ጥያቄ ለመመለስ በልጁ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ይረዳል።

በሽታው የሚከሰተው ከጀርም ሊከላከሉልን የሚገባቸው ነጭ የደም ሕዋሳት የራስን መገጣጠሚያ ሲያጠቁ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከወላጆች የተወረሱ ጂኖች አሉ፤ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይሠሩም። አንዳንዶቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ ሌሎቹ ያርፋሉ። በዚህ በሽታ ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች እንዲመረቱ የሚያዙ ጂኖች ከልክ በላይ ይሠራሉ። ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ ቲኤንኤፍ ይባላል።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

መድኃኒቱ ልጅዎ የወረሳቸውን ጂኖች አይለውጥም፤ የሚለወጠው የሥራቸው መጠን ነው። ሜቶትሬክሴት የተቆጡትን ሕዋሳት ያረጋጋል። ኢታነርሴፕትና አዳሊሙማብ ደግሞ ቲኤንኤፍን በመያዝ መልእክቱ ወደ ሌሎች ሕዋሳት እንዳይደርስ ያግዳሉ።

ተመራማሪዎች መድኃኒት እየወሰዱ ምልክታቸው የጠፋ ልጆችን ደም ከጤነኛ ልጆች ደም ጋር አነጻጽረዋል። የጂኖቹ አሠራር ከጤነኞቹ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። እሳቱ ጠፍቶ ፍሙ አመድ ውስጥ እንደሚቆይ ማለት ነው። መድኃኒት ካቆሙ በኋላ ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ልጆች ብዙ የሆኑትም በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባዎታል?

• መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፣ መጠኑንም አይቀንሱ። ለማቆም ሐኪሙ ቢያንስ ለወራት ያለማቋረጥ ምልክት አለመኖሩን ያያል።
• ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መስጠት ለሕይወት ያሰጋል። ቀኑን ቤት ውስጥ ጽፈው ይለጥፉ።
• ውጤቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 3 ወር ሊወስድ ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ።
• የዓይን ምርመራ ቀጠሮ አያሳልፉ። ብግነቱ ያለ ሕመምና ያለ መቅላት ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።
• ልጅዎ ትኩሳት ካለው ወይም ክትባት ሊወስድ ከሆነ አስቀድመው ሐኪሙን ያማክሩ።
• መድኃኒቱ ከገበያ ቢጠፋ ወይም ዋጋው ከአቅምዎ በላይ ቢሆን ሳያልቅ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሌላ አማራጭ ሊኖር ይችላል።