አዲስ ዓለም፤ የጎንደር የቀሃ ዳር ሠፈር

አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ባደረጉ ጊዜ፣ ከተማይቱ የተቆረቆረችበትን ጉብታ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ የሚባሉ ወንዞች ያቅፉት ስለ ነበር፣ ቤተ መንግሥቱና አድባራቱ ከፍታውን ሲይዙ የነጋዴውና የባለ እጁ ሠፈር ወደ ቀሃ ወንዝ ተዳፋት ወረደ። የጎንደርን ታሪክ የሚተርከው ሰው ዓይኑን ከግንቡ ላይ አንሥቶ ቁልቁል ስለማይመለከት፣ በቀሃ ዳር ስለ ኖረው፣ እስላም ቤትም አዲስ ዓለምም ስለሚባለው ሠፈር የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ያለዚህ ሠፈር የቤተ መንግሥቱ ክብር ከደጁ ባልወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሠፈሩን ለብቻው ያቆመው ዐዋጅ ነው። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ያስነሡት ሁከት ገና ከልብ ሳይጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመነ መንግሥት የተሰበሰበው የካህናትና የመኳንንት ጉባኤ፣ ፈረንጆች ሃይማኖተ እስክንድርያን እንዲቀበሉ አለዚያም ከአገር እንዲወጡ፣ እስላሞችም ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲቀመጡ ፈረደ። ይህ ፍርድ ጎረቤትን ከጎረቤት የለየ ከባድ ፍርድ ነበር።

ይሁን እንጂ ርስት የተከለከለው የእስላሙ ሕዝብ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ አዘንብሎ፣ መኳንንቱ የናቁትን ሥራ የከተማይቱ የደም ሥር አደረገው። ነጋዴዎቹ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን፣ የሚያሳዝነውም ነገር ሰውን ጭምር ባሪያ አድርገው፣ በአንድ ወገን ወደ ምጽዋ፣ በሌላው ወደ ስናር ይወስዱ ነበር፤ ሲመለሱም ቤተ መንግሥቱና አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያጌጡበትን የባሕር ማዶ ጨርቅ ያመጡ ነበር። ከነጋድራሶቹም፣ ማለት ከነጋዴዎች አለቆች፣ ብዙዎቹ ከእስላሞች ወገን ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ከተማይቱ በሰላም ጊዜ አሥር ሺህ ያህል አባወራ እንደሚኖርባት፣ ከቀሃ ማዶ ያለው የእስላሞች ከተማም አንድ ሺህ ያህል ቤት እንዳለው ጽፏል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ስለ ሥራቸው የመሰከረው ነው፦ ንጉሡና መኳንንቱ ሲዘምቱ ጓዙን የሚጠብቁት፣ ድንኳኑንም የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ በአለቆቻቸው ሥር የተደራጁት የዚህ ሠፈር ሰዎች ሲሆኑ፣ በጦርነቱ ግን ከማንም ወገን ሆነው አይዋጉም ነበር። በዐዋጅ ከከተማው የተለዩት ሰዎች፣ ንጉሠ ነገሥቱ በየሜዳው የሚያድርበትን ድንኳን በአደራ ያዙ።

የመከራው ዘመን ረዥም ነው። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ከተማይቱን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ፣ የንግዱም ማዕከል አብሮ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ በወሰነ ጊዜ ከአገር የተሰደዱ ነበሩ፤ በ1888 ደግሞ ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። ሠፈሩ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ፋሲል ግቢ፣ በቀሃ አጠገብ ያለው የጥምቀት መዋኛ፣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተዋል፤ አዲስ ዓለም ግን አልገባም። የቅርስ ጥበቃ ሰዎች፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም መምህራን፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሸማኔውን፣ የሲራራውንና የድንኳኑን ነገር ሳይዘገዩ መዝግበው እንዲያስቀምጡ እለምናለሁ፤ የጥምቀት ዕለት ወደ መዋኛው የሚወርደውን እንግዳ የሚመሩትም፣ ይህን ሠፈር አሳይተው ታሪኩን ቢነግሩት ይገባል።